ዓይን ወደ ኋላ ሲመለስ

ከአዳማ ተነስቶ በአዋሽ መልካሳ በኩል ወደ ሶደሬ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ የተቀመጠ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በዚያች አጭር መንገድ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ያልፈዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በፊደል፣ እንግሊዝኛም አብሯቸው ተጽፏል። መኪናው ስለሚሮጥ ሁሉንም አይጨርስም፤ የቻለውን ይለቅማል። እናቱ «ምን ይላል?» ብላ ብትጠይቀው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል። «ምን ማለት ነው?» ስትለው ግን ዝም የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። ርቀቱ የሚለካውም፣ የሚጠብበውም በሁለት ነገር ነው፦ ዓይን በጽሑፉ ላይ በሚሄድበት መንገድና ያንን አካሄድ በሚመራው አእምሮ።

ሶደሬን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በፍል ውኃዋ ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል፣ አዋሽ ዳር፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባና የአዳማ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወርድባታል፤ ጦጣዎቹ ምሳ ላይ ያደባሉ፣ ሕፃናቱ ከገንዳው አንወጣም ይላሉ። ከመዝናኛው አጥር ውጭ ደግሞ ደብተር ይዘው የሚመላለሱ ልጆች አሉ። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. በይፋ በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የዚህ አካባቢ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ሲማር የላቲን ፊደላትን ይይዛል፤ አማርኛ ሲመጣ ሀ ሁን ይጨምራል፤ እንግሊዝኛው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት አለ። ሁለት አጻጻፍና ሦስት ቋንቋ በአንድ ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ይኖራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የተካሄደው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ያወጣው ውጤት ብዙ መምህራንን አስደንግጧል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱንም ያልመለሱት ግን 48 በመቶ ነበሩ። በ3ኛ ክፍል ቁጥሮቹ 20 እና 30 ሆኑ። ብዙ የተወራው ስለ መጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ቃላት አንብበው ምንም ሳይዙ የወጡት ልጆች እዚያ ውስጥ አሉና። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ችግሩ በግልጽ ይታያል፣ እርዳታም ይደርሰዋል። አሳምሮ የሚያነበውና የማይገባው ልጅ ግን ጎበዝ ተብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል።

ስናነብ ዓይናችን በመስመሩ ላይ የሚንሸራተት ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው፦ ዓይን ይዘላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይዘላል። ይህ ምልከታ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ከፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ከኤሚል ዣቫል ቤተ ሙከራ ወጣ። ዛሬ ዓይን ላይ የማይታይ ብርሃን አብርቶ ነጸብራቁን በሰከንድ እስከ 1000 ጊዜ የሚመዘግብ ካሜራ አለ፤ አንባቢው የት እንዳረፈ፣ የትኛውን ቃል እንደዘለለ፣ የት ላይ ደንግጦ እንደተመለሰ አንድ በአንድ ይታያል። በዚህ መስክ ዕድሜ ልኩን የሠራው ኪት ሬይነር (1943–2015) የሰበሰባቸው ልኬቶች እንደሚያሳዩት፣ የበሰለ የእንግሊዝኛ አንባቢ በአንድ ቦታ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያርፋል። ዝላዩ ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ ከ7 እስከ 9 ፊደላትም ያሻግረዋል። በዝላዩ ቅጽበት ምንም አዲስ ነገር አይነበብም። ከመቶ ዝላይ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ደግሞ ወደ ኋላ ናቸው፤ ጎበዝ የሚባለው አንባቢ ጭምር ይመለሳል።

ዓይን የሚዘልለው ወዶ አይደለም። ጥርት አድርጎ የሚያየው መሃል ቦታ ክንድን ዘርግተን ከምናየው የአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይሰፋም። ከዚያ ውጭ ያለው እየደበዘዘ ይሄዳል። ጆርጅ ማኮንኪና ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሙከራ፣ ዓይን ካረፈበት ዙሪያ በስተቀር ጽሑፉን ሁሉ በሌላ ፊደል እየሸፈኑ አንባቢው ምን ያህል መስኮት እንደሚበቃው ለኩ። ይህ ዘዴ በተደጋጋሚ ተሠርቶበት የእንግሊዝኛ አንባቢ ከግራው 3 ወይም 4፣ ከቀኙ 14 ወይም 15 ፊደል ድረስ እንደሚጠቀም ታወቀ። ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው ዕብራይስጥ ሰፊው ወገን ወደ ግራ ዞረ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነቡ ሰዎች እንደሚያነቡት ቋንቋ መስኮታቸው ይገለበጣል። ዓይኑ ያው ዓይን ነው። ትኩረትን ወደሚመጣው ቃል የሚልከው አእምሮ ነው።

ያ አእምሮ ትኩረትን የሚያስተዳድርባቸው ብቃቶች አሉት። አኪራ ሚያኬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ሦስቱን ለይተው አስቀምጠዋል። አንዱ መግታት ነው፤ ቀድሞ የመጣውን ሐሳብ፣ የሚረብሸውን ድምፅ፣ የማይሆነውን ትርጉም መከልከል። ሌላው በእጅ ያለውን መረጃ እያደሱ መያዝ ነው፤ የመስመሩን መጀመሪያ ሳይጥሉ መጨረሻው ላይ መድረስ። ሦስተኛው ከአንዱ አሠራር ወደ ሌላው መቀያየር ነው። ሦስቱም በዋነኛነት የሚደገፉት ከግንባራችን ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል በስሎ የሚያልቀው በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ዓይንን ወዴት እንደሚዘል የሚያዝዘው አንዱ ማዕከልም እዚያው የፊተኛው አንጎል ውስጥ ይገኛል።

የዓይንንና የአእምሮን ዝምድና በግልጽ የሚያሳይ ቀላል ሙከራ አለ። ፒተር ሃሌት እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ነው። ሰውየው መሃል ላይ ያለች ነጥብ ያያል፤ ድንገት በአንድ ወገን ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ትእዛዙ «ወደ ብርሃኑ አትይ፣ በተቃራኒው እይ» የሚል ነው። ዓይን ለብልጭታው ይቸኩላል፤ አእምሮ ካልያዘው ያመልጣል። ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ስህተቱ እየቀነሰ የሚሄደው ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ነው። እንግዲህ የሁለተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ ላይ እንዲያተኩር ስንጠብቅ ገና በመብሰል ላይ ያለ ብቃት እየጠየቅነው መሆኑን ማወቅ ይገባናል። ዓይኑ ከገጹ ቢሸሽ ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም።

ከገጹ ሳይሸሽ የሚሸሽም አለ። ኤሪክ ራይክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባቀረቡት ጥናት የአንባቢዎች ሐሳብ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዓይናቸው በመስመሩ ላይ መጓዙን አላቆመም። የጠፋው ልዩነቱ ነው፦ በደህናው ንባብ ዓይን ብርቅ ቃል ላይ ሲቆይ የለመደውን ቶሎ ያልፋል፤ ሐሳብ በሄደበት ንባብ ግን ይህ መለያየት ይደክማል። ድምፅ እያወጣ የሚያነብ ልጅም እንዲሁ አፉ እየሠራ ልቡ ገንዳው ዳር ሊሆን ይችላል። ከጎኑ የቆመ መምህር በጆሮ ብቻ አይለየውም።

አሁን ወደ ራሳችን ጽሑፍ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠልቃል። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በፊደል አይጽፍም። «ልጅቷ ዋናውን ስለጨረሰች» የሚለውን አንብቡ። ቀጥሎ «ልብሷን ልትቀይር ሄደች» ቢመጣ ውኃ ውስጥ ነበረች ማለት ነው፤ «ና» ላልቶ ይነበባል። ቀጥሎ «ትንንሾቹን የቤት ሥራዎች ለነገ አቆየች» ቢመጣ ግን ጠብቆ የሚነበበው ሌላው «ዋና» ነው። ሶደሬ ላይ ያደገ ልጅ መጀመሪያ የሚመጣለት የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሁለተኛው አረፍተ ነገር ሲገጥመው ያንን ቀድሞ የመጣ ትርጉም መግታት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ «ዋናውን» እንደገና ማየት፣ ንባቡንም ማረም አለበት። ሦስቱ ብቃቶች በአንዲት ቃል ላይ ተገናኙ። «አለ»፣ «ገና»፣ «ይበላል» እያልን ብንቆጥር ቀኑ ይመሻል፤ አማርኛ አንባቢ ይህን ሥራ በየገጹ ይሠራል።

በቁቤ ነገሩ ይገለበጣል። መጥበቅ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ሁለቴ በመጻፍ ይታያል፣ የአናባቢው መርዘምም እንዲሁ። ሶደሬ ቆላ ናት፤ ከበላይዋ የአርሲ ደጋ ተንጣሏል። በአፋን ኦሮሞ «ደጋ» የሚለው ቃልና «መጥፎ» የሚለው ቃል የሚለያዩት በመሃላቸው ባለው የ«ድ» ድምፅ መጥበቅና መላላት ብቻ ነው፤ በቁቤ ጠባቂው ደርብ ሆኖ ይጻፋል፣ በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ግን ሁለቱም «ባዳ» ይሆናሉ። ቁቤ ትርጉሙን ገልጦ ሲያስቀምጥ ቃሉን ያረዝመዋል፦ በፊደል ሦስት ምልክት የሆነችው አዳማ በቁቤ ሰባት ፊደል ትፈጃለች። በአንዱ አጻጻፍ ዓይን ብዙ ይጓዛል፤ በሌላው እግሩ ላይ ባለች ጭረት «ሊ»ን ከ«ሉ» መለየት ስላለበት በእያንዳንዱ ምልክት ላይ ጠንቀቅ ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው የሶደሬ ልጅ ዓይኑን በየጊዜው ሌላ ልክ ያለብሰዋል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ቢዘገይ አይገርመኝም፤ የሚገርመኝ ማንም ሳያስተምረው መቻሉ ነው።

የምልክት ብዛት ብቻውን እንቅፋት እንዳልሆነም መረጃ አለ። ዮናስ መስፉን አስፋሃና ባልደረቦቹ በኤርትራ በግዕዝ ፊደልና በላቲን የሚጻፉ ቋንቋዎችን የሚማሩ የአንደኛ ክፍል ልጆችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ምልክቶቹ እጅግ ቢበዙም ግዕዙን ማንበብ መማር ቀልሎ እንደተገኘ አሳይቷል። እያንዳንዷ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ስለምትይዝ ልጁ ተነባቢና አናባቢ እየገጣጠመ አይለፋም። ስለዚህ «ፊደላችን ስለበዛ ነው ልጆቹ የማይገባቸው» የሚለው አባባል ውኃ አይቋጥርም። ለመረዳት የሚከብደው ከፊደል ቀጥሎ ያለው ነው።

ከፊደል ቀጥሎ ያለው አረፍተ ነገር ነው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ በአማርኛ ደግሞ ገላጩም ከተገላጩ ይቀድማል። ይህን ተመልከቱ፦ «ሶደሬ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የዋለውን ወንድሟን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የነበረችው ልጅ አውቶቡሱ እንዳመለጣት ያወቀችው ሲመሽ ነው።» አውቶቡሱ ያመለጠው ማንን ነው? የዋኘው ወንድም ቀድሞ ስለመጣ ችኩል አንባቢ እሱን ሊጠራ ይችላል። «ልጅ» የምትለዋ ቃል እስክትደርስ ድረስ የቆመችው፣ የጠበቀችው፣ ወንድም ያላት ሁሉ ባለቤት አጥተው በአእምሮ ይንጠለጠላሉ። ኔልሰን ካዋን እንደሚለው አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አራት ያህል ነገር ነው። የልጅ ከዚያ ያንሳል። ፊደሉን ለመለየት ገና የሚታገል ልጅ ካለችው ትንሽ ቦታ አብዛኛውን ለፊደሉ ይከፍላል፤ ለወንድምና ለእህት የሚተርፍ የለውም። መፍትሔውን ግን ዓይኑ ያውቀዋል፦ ይመለሳል።

ሊዝ ሾተር ሬይነርን ጨምሮ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ሙከራ ይህን በቀጥታ ፈተነ። አንባቢው ያለፈውን ቃል ተመልሶ እንዳያይ አንዴ የተነበበውን ሸፈኑበት። መረዳቱ ቀነሰ። ቃላትን በስልክ ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ብልጭ እያደረጉ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል አንብቡ» የሚሉ መተግበሪያዎች የሚነሱት ወደ ኋላ መመለስ የባከነ ጊዜ ነው ከሚል ሐሳብ ነው። ሙከራው የሚለው ሌላ ነው፤ መመለስ የመረዳት አንዱ አካል ነው።

ለዚህም ነው ልጆቻችን የሚመዘኑበት መንገድ የሚያስጨንቀኝ። በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና የተለመደ አካሄድ ልጁ ጽሑፉን ድምፅ እያወጣ ለ60 ሰከንድ ያነባል፤ ደቂቃው ሲያልቅ ወረቀቱ ከፊቱ ይነሳና ጥያቄው ይቀርባል። የመዛኙ ዓላማ መልካም ነው፦ ፊደል ማወቁን፣ ቃል ማቀላጠፉን በአጭር ጊዜ ይለያል፤ ውጤቱም ከ2012 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ በር ከፍቷል። ነገር ግን ወረቀቱ የተነሳበት ልጅ የሚመለስበት ቦታ የለውም። የምንለካው በአንድ ጉዞ የቀረለትን ነው። ይህ ልማድ ከምዘናው አልፎ ወደ ክፍል ገብቶ «ፈጥነህ አንብብ» የትምህርቱ ግብ ሲሆን፣ ተመልሶ ያየ ልጅ «ተንተባተበ» ይባላል። ቆም ብሎ ያሰበው ልጅ ይቀጣል ማለት ነው።

አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያኑ ንባብ ቤት ለፍጥነት አልቸኮሉም። ተማሪው በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እያንዳንዷን ፊደል እየጠቆመ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ሲጸና ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ ይከተላል። ያው ጽሑፍ በተለያየ ዜማና ፍጥነት ደጋግሞ በዓይኑ ሥር ያልፋል። የእንጨቷ ጥቅም ዛሬ ስናየው ግልጽ ነው፦ ገና ያልሠለጠነውን ዓይን በአንድ ቦታ ታሳርፈዋለች። ጋይ በስዌል እ.ኤ.አ. በ1920 እንዳሳየው የሠለጠነ አንባቢ ዓይን ከድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፤ ስለዚህ እንጨቷ የምትጣልበትም ጊዜ አለ፤ ካልተጣለች ዓይን ከአፍ ጋር ታስሮ ይቀራል። የንባብ ቤቱ ድክመትም ሊነገር ይገባል። ልጁ ዳዊትን በቃሉ ሲወጣ ትርጉሙ የሚጠብቀው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነበር። ትርጓሜ ቤት የገባው ጥቂቱ ግን በ«አንድም» ሥርዓት ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ፍቺ እየያዘ፣ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ሳይጥል ይማራል። የአእምሮን መቀያየር ለማሠልጠን ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ትምህርት አላውቅም። የሚያሳዝነኝ ለበሰሉት ብቻ የተተወ መሆኑ ነው። የ3ኛ ክፍል ልጅም «ዋና»ን አንድም ውኃ፣ አንድም ትልቁ ብሎ መፍታት ይችላል።

ወላጆች አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ትኩረትን በሚያዳብሩ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ልጄን ላሠልጥን? ሞኒካ ሜልቢ-ሌርቮግና ቻርልስ ሁልም እ.ኤ.አ. በ2013 መረጃን በአእምሮ መያዝን ስለማሠልጠን የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ልጆቹ በለመዱት ጨዋታ ይጎብዛሉ፤ ጥቅሙ ወደ ንባብ አይሻገርም። ገንዘቡ ለመጽሐፍ ቢውል ይሻላል። ስለ ምን የሚያወራ መጽሐፍ? ለዚህ ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ሥራ ይጠቅመናል። አሜሪካውያን ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ ሲያነቡ፣ ንባባቸው ደካማ ሆኖ ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ንባባቸው ጎበዝ ሆኖ ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ተረዱ። ዕውቀት የአእምሮን ሸክም ያቀላል።

ሶደሬ ያለ ልጅ ስለ አዋሽ አዞ፣ ስለ ፍል ውኃው እንፋሎት፣ ከወንጂ ስለሚጫነው ሸንኮራ አገዳ፣ ስለ ቆቃ ግድብ ብዙ ያውቃል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለዚህ የተጻፈ ታሪክ ቢሰጠው ያችን ጠባብ የአእምሮ ቦታውን በማያውቀው ነገር ሳይሞላ ለአረፍተ ነገሩ ያውላታል። እዚህ ላይ ከቆመ በኋላ ወደ ሩቁ መሄድ ይችላል።

መምህሩም ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ። ታሪኩ አንዴ ድምፅ ወጥቶ ይነበብ፤ ያ ለፊደሉና ለቃሉ ነው። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ ብሎ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት፣ ድጋሚ ያንብበው። ጥያቄው ሲቀርብ መጽሐፉ ክፍት ይሁን፣ መልስ የሰጠም ልጅ «የትኛው ቃል ነገረህ?» ተብሎ ጣቱን በቦታው ላይ ያሳርፍ። ያኔ ዓይኑ የግድ ይመለሳል፣ ቀድሞ የመጣለትን መልስ ይፈትሻል፣ ከተሳሳተም ራሱ ያርማል። አውቶቡሱ ወንድምየውን አመለጠው ያለው ልጅ «እንዳመለጣት» የምትለዋን ቃል ሲያገኝ መምህሩ ምንም መናገር አያስፈልገውም። ምዘና የሚያዘጋጁ ሰዎችም ከፍጥነቱ ደቂቃ ሌላ አንድ ክፍል ይጨምሩ፤ በዚያኛው ሰዓት አይያዝ፣ ጥያቄው ተመልሶ እስኪያልቅም ወረቀቱ ከልጁ ፊት አይነሳ።